ወፍ ሊያይ የመጣ ፈረንጅና የዋሴ ገብስ

ዳንግላ፣ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ

ኅዳር ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ሚስቴ ዶሮ ሳይጮህ ቀስቅሳ ስንቄን ቋጠረችልኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። ወንድሟ ዋሴ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ገብስ አለው። ገብሱ ደርሷል፤ ለአጨዳ ጥቂት ቀን ቢቀረው ነው። በዚህ ጊዜ ማሳ ላይ ወፍ የሚያባርር ሰው ከጠፋ የዓመቱ እህል ጠፋ ማለት ነው። ታዲያ በዚሁ ሳምንት የመንደሩ ጭቃ ሹም ዋሴን «ፈረንጅ መጥቷል፤ ወፍ ታሳየዋለህ» ብለው አዘዙት። ሚስቴም ሄጄ በእሱ ምትክ ማሳውን እንድጠብቅ ፈረደችብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ወፍ ጠባቂ ሆኜ ተሾምኩ እላችኋለሁ።

የጭቃ ሹሙን ብልኅነት ሳላደንቅ አላልፍም። ከበላይ የመጣላቸው ትእዛዝ ወፍ የሚያውቅ ሰው ለፈረንጁ ስጡ የሚል ነው። አወጡ፣ አወረዱ፤ በአገሩ ከዋሴ በላይ ወፍ የሚያውቅ የለም አሉ። እውነታቸውን ነው። ዋሴ ከልጅነቱ ጀምሮ ማማ ላይ ተቀምጦ ወንጭፍ ሲወነጭፍ ያረጀ ሰው ነው። ወፍ ሲያይ እጁ ከዓይኑ ይቀድማል። እሱን ለወፍ ወዳጅ መሪ አድርጎ መስጠት ድመትን ለአይጥ ሠርግ ሚዜ እንደ ማድረግ ነው።

እስከ መኪናው መቆሚያ በጋሪ ሄድኩ። ባለጋሪው ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ወፍ ልጠብቅ ስለው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ከዋጋው ቀነሰልኝ። ለእብድ መራራቱ ነው።

መኪናው ኑግ የጫነ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ ነው። ጆንያው ላይ ሰውና በግ ተደባልቀን ወጣን። ዳገት ሲመጣ ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ኋላ ድንጋይ እየወሸቀ በእግሩ ይከተለናል፤ ከእኛ ቀድሞ ጫፍ የሚደርስበት ጊዜም አለ። ግራና ቀኙ ለምለም መስክ፣ የሚግጥ ፈረስ፣ ባሕር ዛፍ፣ ድንች በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች። በጉ እግሬ ላይ ተኛብኝ። ባለቤቱ ይቅርታ የጠየቀው በጉን ነው፣ አልተመቸህም ብሎ።

ኮሶበር፣ ረፋድ ላይ

የእንጅባራው ኮሶበር አንድ መንገድ ነው፤ ዳርና ዳሩ ሣር ክዳን፣ አልፎ አልፎ ቆርቆሮ፣ የቀረው ነፋስ። አንዲት ሴት የቀቀለችውን ድንች በአዋዜ በላሁና በእግሬ ወደ ዘንገና አቀናሁ።

የዋሴ ማሳ ሳልደርስ መንገድ ላይ ላንድሮቨር ቆሞ አገኘሁ። ፈረንጁ አጠገቡ አለ፤ ረዥም፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ያለቀበት፣ አንገቱ ላይ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር የተንጠለጠለ። ከአዲስ አበባ የመጣው አስተርጓሚው አቶ ጌታሁን ጫማው መስተዋት ነው። ጭቃ ሹሙ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ዋሴ ደግሞ መሬት መሬት ያያል።

ለካ ዋሴ ከትናንት ጀምሮ አማርኛ ጠፍቶበታል። ዋሴ አማርኛ አሳምሮ ያውቃል፤ ሹም ሲያይ ብቻ ይጠፋበታል። ግብር ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። በአገውኛ ብቻ እየመለሰ አቶ ጌታሁንን ሲያደርቀው ነው የደረስኩት። ጭቃ ሹሙ እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ይኸው ሁለቱንም አፍ የሚችል! አንተ ታስተረጉማለህ።»

የመጣሁት ማሳ ልጠብቅ ነው አልኳቸው። ማሳ የትም አይሄድም አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ዋሴን ልተካ የመጣሁት ሰውዬ ከዋሴ ጋር ተያዝኩ። ማማው ላይ የዋሴ ሚስት ውድነሽ ብቻዋን ቀረች።

ዘንገና ደን፣ ረቡዕ ጧት

ሐይቁ ድስት ውስጥ እንዳለ ውኃ ከታች ቁጭ ብሏል፤ ከንፈሩን ዙሪያውን ደን ይዞታል። ፈረንጁ የሚፈልገውን ወፍ በእጁ እያሳየ ነገረን፤ አረንጓዴ፣ ጭራው ረዥም፣ ሲበር ክንፉ ውስጥ ደም የመሰለ። ስናየው የኖርነው ነው። ገብስ ስለማይበላ ግን ስሙን ለመጠየቅ ተጨንቀን አናውቅም።

በደረታችን ተኛን። ፈረንጁ ለአቶ ጌታሁን ያንሾካሹካል፣ አቶ ጌታሁን ለእኔ፣ እኔ ለዋሴ። ቃሉ ዋሴ ጆሮ እስኪደርስ ወፉ ሄዶ ጎጆ ቀልሷል።

ቆይቶ አረንጓዴው መጣ። ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። ፈረንጁ ትንፋሹን ውጦ መነጽሩን አነሣ። በዚህ መካከል ከጎኔ አንድ ነገር ሽው አለ፤ የዋሴ ድንጋይ በፈረንጁ ባርኔጣ ላይ አልፎ ቅጠሉን በተነው። ፈረንጁ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ። ለምን ወረወረ ተባለ። ዋሴ በአገውኛ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አለ፤ አስተረጎምኩ። ጭቃ ሹሙ ወንጭፉን ቀሙት።

ሁለተኛ ወፍ መጣ። ወንጭፍ የሌለው ዋሴ አጨብጭቦ «እሽ!» አለ። ጭቃ ሹሙ እጁን እንደማይቀሙት ሲገባቸው ከኋላ እንዲቀመጥ አዘዙ።

ምሳ ሰዓት ፈረንጁ የቆርቆሮ ሥጋ ከፈተ። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ጭቃ ሹሙ አማትበው ፊታቸውን አዞሩ። ሲጨርስ ግን ባዶውን ቆርቆሮ ለመጠጫ ጠየቁት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከኮረብታው ማዶ የውድነሽ ድምፅ ይሰማ ነበር። ጧት እንደ እምቢልታ ነው። ረፋድ ላይ ሻከረ። ቀትር ሲሆን ቆይቶ ቆይቶ ብቻ ይመጣል፤ ዋሴም ዛፍ ማየት ትቶ ያንን ድምፅ ይጠብቃል። ድምፁ በዘገየ ቁጥር ስንት ወፍ ስንት ዛላ ላይ እንዳረፈ እኔም እሱም እናውቃለን።

ከቀትር በኋላ ድምፁ ጨርሶ ጠፋ።

ዋሴ ተነሣ። ማንንም ሳያስፈቅድ ዳገቱን ተያያዘው። ጭቃ ሹሙ እየጮሁ ተከተሉት። እኔ ጭቃ ሹሙን፣ አቶ ጌታሁን በሚያንሸራትት ጫማው እኔን። ከሁሉም ደስ ያለው ፈረንጁ ነው፤ ወደ ወፉ እየተወሰደ መስሎት ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጫፍ ይሮጣል።

ማሳው ላይ፣ ያው ረቡዕ

ውድነሽ ማማው ላይ ቆማ አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለም። ጓል ትወረውራለች፤ ክንዷ ዝሎ ጓሉ እግሯ ሥር ይወድቃል። ወፉ ገብሱን እንደ ጭጋግ ለብሶታል። በአንድ በኩል ያለው ዳር ተራግፎ ባዶ አገዳ ቆሟል።

ከማሳው ጫፍ ደግሞ ጽድ ላይ ያ አረንጓዴ ወፍ ተቀምጧል። ፈረንጁ አየው። የዋሴን ክንድ ያዘ፤ በሌላው እጁ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለመነው። ዋሴ ከሚስቱ እጅ የወደቀውን የወፍ ማባረሪያ ጅራፍ ከመሬት አንሥቷል። ፈረንጁን አየ፣ ገብሱን አየ። ክንዱን ቀስ ብሎ አላቀቀና አጮኸው።

ጠመንጃ የተተኮሰ ነው የሚመስለው። ጭጋጉ ተነሣ፤ አረንጓዴውም ክንፉን ደም አስመስሎ ወደ ደኑ ገባ። ፈረንጁ ባርኔጣውን መሬት ላይ ጣለ። ጭቃ ሹሙ እስር ቤት የሚባል ነገር አነሡ። አቶ ጌታሁን ወደ እኔ ዞሮ «አባቴ፣ ይጠይቁልኝ፤ ምን በድለነው ነው?» አለ። ለማስተርጎም አፌን ስከፍት ዋሴ ቀደመኝ፤ ያውም በጠራ አማርኛ።

«ንገረው። እሱ ወፍ ለማየት አገር አቋርጦ መጣ። እኔ ወፍ ላለማየት ዕድሜዬን ጨረስኩ።»

ጭቃ ሹሙ ደነገጡ። ዋሴ አማርኛ ሲያወራ ሰምተው አያውቁማ።

አቶ ጌታሁን ተረጎመ። ፈረንጁ ወደተራገፈው ዳር ሄደ፤ አንድ ዛላ ቀጥፎ መዳፉ ላይ አሸው፤ እብቁን እፍ ሲለው የቀረ ነገር የለም። ውድነሽን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ይህ ገብስ ለመታጨድ ስንት ቀን ይፈልጋል ብሎ አስጠየቀ። ለሁለት ባልና ሚስት ሳምንት፣ ለደቦ አንድ ቀን አልኩት።

ገብሱ ሳይገባ ደኑን አልረግጥም አለ። ለምን እንደዘገየም ትእዛዙን ለሰጡት ገዥ ራሴ አስረዳለሁ አለ። በዚህ ጊዜ አማርኛ የጠፋባቸው ጭቃ ሹሙ ሆኑ።

ሐሙስ

ጭቃ ሹሙ ጎሕ ሲቀድ ኮረብታ ላይ ወጥተው ደቦ ጠሩ። ግብር ሲጠሩ የሚሰማ ድምፃቸው ለገብስም እንደሚሆን ያን ዕለት አወቅን። አጫጅ መጣ፣ ግን አንሶ ተገኘ፤ ሁሉም የየራሱ ማሳ አለበት። ፈረንጁ ደግሞ በየጊዜው ስንት ቀረ እያለ ያስጠይቃል። ጭቃ ሹሙ ግራ ቀኝ ተመለከቱ፤ ጋቢያቸውን አወለቁ፤ ማጭድ ያዙ።

እግዜር ያሳያችሁ። መጀመሪያ ሁለት አገዳ ይዘው አንዱን ያጭዳሉ። ቀጥሎ ማጭዱን ይወቅሳሉ። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ቀና ይሉና ፀሐዩን ያያሉ፣ እንዲጠልቅ የሚያዙት ይመስላል። «ጌታዬ፣ ነዶዎ ቀጠነ» አለ አንዱ አጫጅ። «ከግብሩ ላይ መቆንጠር ለምደው ነው» አለ ሌላው። ውድነሽ ጠላ ስትቀዳ አየቻቸውና ድምፅ በሌለው አፏ ሳቀች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ፈረንጁ ማማው ላይ ተሹሟል። በባርኔጣው ሲያባርር ወፉ ናቀው። ውድነሽ ጅራፉን አቀበለችው፤ በመጀመሪያው የራሱን ጆሮ ገረፈ። ማታ ላይ ገብሱ ተከምሮ አለቀ።

ዓርብ፣ ደን፤ ከዚያም ዳንግላ

ጧት ዋሴ ሁለት እጁን ኋላው አጣምሮ ፊት ፊት ሄደ። አረንጓዴው መጥቶ ከፊታችን አረፈ፤ እስኪበቃው ቆየ። ፈረንጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መነጽሩን ለእኔም ሰጠኝ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ለዋሴም ዘረጋሁለት፤ እምቢ አለ። «ገብስ አይበላም አይደል፣ ይኑር» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ወደ ዳንግላ በሚወርድ መኪና አመሻሹ ላይ ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ እግሬን ሳላራግፍ የገብሱን ነገር ጠየቀችኝ። ገብቷል አልኳት። እግዚአብሔር ይመስገን አለች። ማን አጨደው አለች። ጭቃ ሹሙ ከነወገባቸው አሉበት ስላት ተቀመጠች፤ ተነሣች።

«ሽማግሌ ሲዋሽ እንኳ ልክ አለው» አለችኝ።

ማልኩላት፤ አልሰማችም። ነገ ጧት በዚያው መኪና ወደ እንጅባራ ትሄዳለች። ወንድሜ ናፍቆኝ ነው ትላለች። ጭቃ ሹሙ ወገባቸውን ይዘው ሲራመዱ በዓይኗ ልታይ ነው።