ከድንጋዩ በስተቀኝ ሦስተኛው

የዚያን ቀን ዴዴሳ ወንዝ ዳር የነበርነው ስድስት ነበርን፤ ምክትል ዳይሬክተሩ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ የባልትና መምህርቷ፣ የትምህርት ቤቱ ሾፌር፣ ቤተ መጻሕፍቱን የምትጠብቀው ልጅ እና እኔ። ስማቸውን አልጠራም። ከመካከላቸው ዛሬ ፈቃድ ልጠይቃት የምችለው አንዲት ብቻ ናት፤ እሷንም ለመጠየቅ ፊት የለኝም።

ይህን እንድጽፍ ያስነሣኝ ድምፅ ነው። ባለፈው ጥቅምት ልጄ ከአንድ ሆቴል አሳ በፎይል አስጠቅልላ አመጣችልኝና ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። ወረቀቱ ሲከፈት ደረቅ መንኮሻኮሽ አሰማ፤ ተከትሎት የወጣው እንፋሎት መነጽሬን አደበዘዘው።

«አባዬ፣ ብላ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

ሆዴን አሞኛል አልኋት። አላመመኝም። ፎይል ፊት ተቀምጬ ስዋሽ ያ ሁለተኛዬ ነበር።

የመጀመሪያው የሆነው በነቀምቴ የታሪክ መምህር ሆኜ በተመደብሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ቀን ነው። የተማሪዎች ምዝገባ አልቆ ስለነበር ምክትል ዳይሬክተሩ በትምህርት ቤቱ ላንድሮቨር ወደ ዴዴሳ ወርደን እንድንዝናና ፈቀዱ። ወደ በደሌ የሚወስደውን መንገድ ስንይዝ ኑጉ ግራና ቀኝ አብቦ ምድሩ ሁሉ ቢጫ ነበር። ቁልቁለቱን በወረድን መጠን ሙቀቱ እየጨመረ፣ የሣሩ ሽታ እየከበደ ሄደ፤ ወንዙን ከማየታችን በፊት ድምፁን ሰማነው።

የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ ከኋላ፣ ከባልትና መምህርቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አባቷ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የተቀመጡ መሪጌታ ነበሩ። እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ስለሆነ፣ ቁም ነገር ሲሆንባት ከአማርኛው ወደ ኦሮምኛው ትሻገር ነበር። ከስድስታችን መካከል ጿሚዋ እሷ ብቻ ነበረች። የጽጌ ጾም የውዴታ ጾም ነው፤ የያዘ ይይዘዋል፣ ያልያዘ አይወቀስበትም። እሷ የያዘችው ተስላ ነው። ወታደር የሆነው ታናሽ ወንድሟ ደብዳቤ ካቋረጠ ዓመት አልፎት ነበርና፣ በሕይወት ቢመለስላት ጽጌን አንዲት ቀን ሳታጎድል ልትጾም ለእመቤታችን ተስላለች። ይህን የነገረችኝ ለእኔ ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ስመልስ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የዕለቱ ምግብ የባልትና መምህርቷ ፈጠራ ነበር። ያኔ ፎይል የሚለውን ስም አናውቀውም፤ የብር ወረቀት እንለው ነበር። ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ አንድ ጥቅልል ይዛ መጣች። የጂኦግራፊ መምህሩ ከእናቱ ጓሮ አስቀድሞ አንጮቴ በኬሻ አምጥቶላት ነበር፤ ወለጋ በመስቀል ሰሞን የሚኮራበትን ያን ሥር። እሷ ከቤቷ ቀቅላና ልጣ ያመጣችውን አንጮቴ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከድንች ጋር ከተፈችው። ከዚያም እያንዳንዱን ድርሻ በብር ወረቀት ጠቅልላ፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ባነደድነው ፍም ውስጥ በተርታ ለመቅበር አዘጋጀች። አምስቱ ጥቅሎች ለጋ ቅቤ ገባባቸው። ስድስተኛውን የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ ራሷ በኑግ ዘይት አሸችው።

«አሁን ይሄ ምግብ ነው ወይስ ደብዳቤ?» አሉ ምክትል ዳይሬክተሩ። «ቴምብር ብቻ ነው የቀረው!»

«ቆይ፣ ይብሉና ጣትዎን ይልሳሉ» አለች የባልትና መምህርቷ፣ ቀና ሳትል።

የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ክር መዘዘች።

«መምህር፣ የእኔው እንዳይጠፋ በዚህ ልሰረው» አለችኝ።

«ክሩ ይቃጠላል» አልኋት። «ይልቅ ቦታውን ልያዝልሽ። ከድንጋዩ በስተቀኝ ሦስተኛው ነው። እኔ የያዝሁትን አልረሳም።»

«የነገሥታቱን ዘመን ከነወሩ የሚቆጥር ሰው አንድ ጥቅል ሊጠፋው ነው?» አሉ ምክትል ዳይሬክተሩ፤ ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ ሹፈት ነበር። ልጅቱ ክሩን አልጣለችውም። ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

ቦታውን በእርግጥ ይዤው ነበር። ጥቅሎቹ ፍም ላይ ሳሉ ግን እኔና የጂኦግራፊ መምህሩ የጥንት ነጋዴዎች ወንዙን የተሻገሩበት መልካ የት ነው በሚል ክርክር ገጠምን።

«ባርሲሳ፣ አንተ መልካውን በወረቀት ነው የምታውቀው፤ አያቴ በእግሩ ነው የተሻገረው!» ይለኛል፤ ባርሲሳ መምህር ማለቱ ነው።

እኔ ደግሞ ማስረጃ እደረድራለሁ። በዚህ መካከል ሾፌሩ በእንጨት ፍሙን እየቆሰቆሰ «ጋሼ፣ እንዳያሩ አገላብጬ ቦታ ቀያየርኋቸው» አለኝ። ጆሮዬ ሰምቶታል። እኔ ግን መልካው ላይ ነበርሁ።

በስሎ ሲያልቅ ስድስቱም አመድ ለብሰው አንድ ዓይነት መስለው ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «በል እንግዲህ፣ እንይሃ!» አሉ ምክትል ዳይሬክተሩ። የሾፌሩ ቃል ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ሆኖም በሁለት እንጨት ከድንጋዩ በስተቀኝ ሦስተኛውን አንሥቼ፣ አመዱን እፍ ብዬ፣ ሰጠኋት። ለሌሎቹም አደልሁ፤ የመጨረሻውን ለራሴ ያዝሁ።

ፈታሁት። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። የኑግ ዘይት ነበር።

ቀና ስል እሷ አንድ ጊዜ ጎርሳ ማላመጡን አቁማለች። ዙሪያችን ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበርና ምላሷንም አፍንጫዋንም ማመን አልቻለችም መሰለኝ።

«መምህር፣ ይሄ የእኔው ነው?»

በዚያች ቅጽበት የሚያስፈልገው ጥቅሎቹን መቀያየር ብቻ ነበር። አንዲት ጉርሻ፣ ያውም ሳታውቅ የጎረሰቻት፣ የንስሐ አባቷ በአንድ ቃል የሚያልፏት ነበረች። ነገር ግን ምክትል ዳይሬክተሩ ሊስቁ ተዘጋጅተው ይመለከቱኛል። የፈራሁት ሳቅ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ይቆይ ነበር።

«ነው» አልኋት። «ሽታው የመጣብሽ ከእኛው ነው።»

«ዱጋ?» አለች። እውነት? ማለቷ ነው።

«እውነት።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ተረጋግታ በላች፤ የወረቀቱን እጥፋት ሳይቀር በጣቷ ጠረገችው። «እንዴት ይጣፍጣል!» አለች ለባልትና መምህርቷ። እኔ ፊቴን ወደ ወንዙ አዙሬ የእሷን ድርሻ እስከ መጨረሻው በላሁት። ባዶውን ወረቀት አድቅቄ ውኃው ላይ ወረወርሁት። ሳይሰጥም፣ እያብለጨለጨ፣ ብዙ ርቀት ሄደ።

በዚያ ዓመት ለአባቷ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር። አልላክሁም።

የወንድሟ መርዶ የመጣው በሚያዝያ ነው። ጥቁር ለብሳ ወደ ሥራ በተመለሰች ሰሞን፣ እነዚያው መደርደሪያዎች መካከል፣ «መምህር፣ እርስዎ መጽሐፍ ያውቃሉ» አለችኝ። «በዚያ በጽጌ አንድ ቀን ሰዓቱ ሳይደርስ ውኃ ጠጥቻለሁ። ራሴን አዙሮኝ ነበር። በዚያ ይሆን ስእለቴ የጎደለው?»

ስለ ስእለት የማውቀው ብዙ ነበር። ለጥናት የማነባቸው መጻሕፍት በእሱ የተሞሉ ነበሩ። «እንጃ» ብዬ መጽሐፌን አስመዝግቤ ወጣሁ።

እኔ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። እሷ ከእናቷ ጋር ቀረች፤ እናቷ ካረፉም በኋላ ባኬ ጃማ በተባለው ሰፈር በወላጆቿ ቤት ብቻዋን ኖረች። በየዓመቱ ጽጌን ትጾማለች ይላሉ፤ ያውም እስከ ማታ፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንገናኝ እጅ እንነሣሣለን። በበዓል ቀን የምትጋግረውን ድፎ ዳቦ ለቤተሰቤ ትልክ ነበር። ድፎውን ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምቆርሰው፤ የራሴን ድርሻ ግን ለልጄ እሰጣት ነበር።

ልጄ ያን አሳ ባመጣች ማግስት ከምኖርበት ከበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ባጃጅ ይዤ ባኬ ጃማ ሄድሁ። ዘንድሮም ጽጌ ነበር። ከደጃፏ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሰውነቷ በዕድሜ ኮስምኗል፤ ጣቶቿ ግን እነዚያው ናቸው። ወንበር አወጣችልኝ።

«ምን እግር ጣለዎት መምህር? ደኅና አይደሉም እንዴ?»

ነገርኋት። ከመልካው ክርክር ጀምሬ፣ የሾፌሩን ቃል፣ የኑግ ዘይቱን፣ ሳቁን፣ ሁሉንም። ንግግሬን መንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር፤ የይቅርታውን ክፍል ግን ሳልደርስበት አቋረጠችኝ።

«የእኔን ማን በላው?»

«እኔ።»

«ጨው ነበረው? ጨው ሳላደርግበት የጠቀለልሁት መስሎኝ ሰግቼ ነበር።»

«ነበረው» አልኋት። ይህስ እውነት ነው።

ምስሩን ለረጅም ጊዜ ለቀመች። አንዲት ጠጠር አገኘችና በሁለት ጣቷ ይዛ አየቻት።

«እንግዲያ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለጠጠሯ እንደምትነግር ሁሉ፣ «ስእለቴን ያጎደለው ውኃው አልነበረማ።»

ሰፌዱን አንሥታ ቆመች።

«ይሂዱ እንግዲህ መምህር። መሽቷል።»

ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ገና ሙሉ ነበረች። ተነሣሁ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ድምፅ እንኳ አላሰማም። በዘንድሮው ገና ድፎው አልመጣም።

ምክትል ዳይሬክተሩ የሉም። የጂኦግራፊ መምህሩን ከአያቱ አጠገብ ቀብረነዋል። የባልትና መምህርቷም፣ ሾፌሩም አልፈዋል። ከስድስታችን የቀረነው ሁለት ነን፤ ባኬ ጃማ አንድ፣ በከኒሳ ቀሴ አንድ።