«መካከለኛ» የነበረችው ልጅ

እኛ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ስም የሚወጣው በሥራ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ስለምተኩስ «ካውያ» ነኝ። በሩ አጠገብ የምትቀመጠዋ ቁልፍ ስለምትተክል «ቁልፍ» ናት፤ አፏ ግን ተቆልፎ አያውቅም። ባለቤቱን፣ ሜትር ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ፣ ከኋላው «ሜትሮ» እንለዋለን፤ ከፊቱ ግን ጋሼ ነው። ይህች የማወራላችሁ ልጅ ደግሞ «መካከለኛ» ነበረች።

ስሙ እንዴት እንደወጣላት ልንገራችሁ። ድሮ ቀሚስ የሚለካባት የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበረችን። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ወደቀችና ወገቧ ላይ ለሁለት ተሰበረች። ጋሼ ሌላ ይገዛል ብለን ስንጠብቅ፣ ዓይኑን በስፌት መኪናዎቹ መካከል አንከራተተና በቅርቡ የተቀጠረችው ልጅ ላይ አሳረፈው። «አንቺ፣ እስቲ ተነሺ» አላት። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ደረቷን፣ ወገቧን፣ ዳሌዋን ለካና ፊቱ በራ። ቁርጥ መካከለኛ! ሰው እያለ ለፕላስቲክ ማን ይከፍላል? ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ ቀሚስ ሲታሰብ የመጀመሪያው በእሷ ገላ ላይ ይሞከራል። ትለብሰዋለች፣ ትዞራለች፣ እጇን ታነሳለች፣ ቁጭ ብድግ ትላለች። ቆራጩ የጠበበውን አስፍቶ፣ የሰፋውን አጥብቦ ልኩን ካርቶን ላይ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ጨርቁ በዚያ ካርቶን በጅምላ ይቆረጣል። በየሱቁ መስኮት የሚሰቀለው የእኛ ቀሚስ ሁሉ በእሷ ልክ የተሠራ ነበር።

ትወደው ነበር። እኛም፣ ምን ይደበቃል፣ ትንሽ እንቀናባት ነበር። ዝምተኛ ልጅ ናት። ጓደኛ የላትም፤ ቤቷም እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። ስትገባ «ደህና አደራችሁ»፣ ስትወጣ «ደህና እደሩ» ትላለች፤ በመሐል ድምጿ አይሰማም። አዲስ ቀሚስ ለብሳ መሐል ወለሉ ላይ ስትቆም ግን መኪናው ሁሉ ጸጥ ይልና ሁላችንም ቀና ብለን እናያታለን። በቀን ውስጥ ሰው በደንብ የሚያያት ያን ጊዜ ብቻ ነበር መሰለኝ።

ለውጡን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ስለታም ስለሆነ አይደለም፤ የሥራ ጋውናችንን የምተኩሰው እኔ ስለሆንኩ ነው። የእሷን ዘርግቼ ስተኩስ ጎኑ ላይ የድሮውን ስፌት ምልክት አገኘሁት። ስፌት ሲፈታ መርፌ የወጋው ቦታ አይጠፋም፤ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ጨርቅም ፀሐይ ስላላየው ጠቆር ብሎ ይለያል። ጥቂት ቆይቶ ከጎኑ ሌላ መስመር መጣ። ከዚያ የሚፈታ ትርፍ ጨርቅ አለቀና ብብቷ ሥር ቁራጭ ጨምራ ሰፋችበት። ካውያዬን ደጋግሜ ጫንኩት፤ መስመሩ ግን ወይ ፍንክች አለ።

ሌሎቹም ማየታቸው አልቀረም። ምክር ደግሞ በነፃ ነው፣ ማን ይሰስታል? ቁልፍ «ዳቦ ተዪ» አለቻት። ቆራጩ ራሱ ደረጃ ሲወጣ እያለከለከ «ሩጪ» አላት። ሌላዋ «አሳላፊ ሆነሽ ነው እንዴ ድስት የምትጨርሺው?» ብላ ቀለደችባት። ይህ ነገር ደሜን ያፈላዋል። ሰው ሲወፍር ጎረቤቱ ሁሉ ጉርሻውን ለመቁጠር ይቀመጣል። ልጅቷ ዳቦውን ተወች። ምሳ ዕቃዋ ውስጥ የተቀቀለ ጎመን ብቻ መታየት ጀመረ፤ በኋላም ምሳ ዕቃው ራሱ ጠፋ። እኛ ተሰብስበን ስንበላ እሷ ጓሮ ወጥታ በጨርቅ ቁርጥራጭ ክምር ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። ሆዷ ይጮሃል፣ ራሷን ያዞራታል፣ ጋውኑ ግን እየጠበበ ይሄዳል።

ሌላ የማናውቀው ነገርም ነበር፤ በኋላ ራሷ ነገረችኝ። የወር አበባዋ መጀመሪያ ዘገየ፣ ከዚያ ወር ዘለለ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ፊቷ ላይ ብጉር ወጣ። አንድ ቀን ደግሞ አገጯ ሥር ወፍራም ጥቁር ፀጉር በጣቷ ነካች። ነቀለችው። ብዙም ሳይቆይ ዘመዶቹን አስከትሎ ተመለሰ። ወረንጦ ገዛችና በክር ቆርቆሮዋ ውስጥ ደበቀችው። እናቷ ጠዋት ጠዋት መኝታ ቤቷን ዘግታ የመለባበስ ልማድ አላት፤ ያን ጊዜ ጠብቃ እሷም መታጠቢያ ቤት ትገባና በሩን ትቆልፋለች።

«እትዬ፣ ወደ ወንድነት እየተቀየርኩ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። እኔ በሁሉ ነገር እስቃለሁ፤ በዚህ ግን አልሳቅኩም። ሴት ልጅ ጢም አወጣሁ ብላ ለማን ትናገራለች?

እናትየዋን አውቃታለሁ። የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ብርድም ሆነ ሙቀት ሻርፗን እስከ አገጯ ጠምጥማ፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ኩሩ ሴት። ባል አግብታ ልጅ ሳትወልድ ብዙ ዘመን ቆየች። የባሏ ዘመዶች መካን ሲሏት ኖሩ። ተስፋ ቆርጣ ከተወችው በኋላ ይህችን አንዷን አገኘች፤ ባልየው ግን ብዙም ሳይሰነብት በሄደበት ቀረ። ስለዚህ እናትየዋ ቤት ውስጥ ከልጇ ስም ሌላ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም።

ከዚያ ሱቆቹ ቀሚስ መመለስ ጀመሩ። «መካከለኛ ብላችሁ የላካችሁት ትልቅ ነው» አሉ። ጋሼ ቆራጩ ላይ ጮኸ። ቆራጩ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ «እኔ በካርቶኑ ነው የምቆርጠው!» አለ። ካርቶኑ ደግሞ ከልጅቷ ገላ የወጣ ነው። ይህን ያሰበ አልነበረም፤ እሷ መለኪያችን ናት፣ መለኪያ ደግሞ ይሳሳታል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሲመከር ተውሎ ጥፋተኛው ተገኘ፦ ሜትሩ ነው! የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፤ ይህ እውነት ነው፣ ማንኛውም ሰፊ ያውቀዋል። ጋሼ ያን የአንገቱን ሜትር አንዴ ሳም አድርጎ ቆሻሻ ውስጥ ጨመረው። ሁላችንም ሳቅን። ልጅቷ ግን አቀርቅራ ትሰፋ ነበር፤ ጨርቁ ላይ እንባ ጠብ ሲል አየሁ።

አዲስ ሜትር ተገዛ። ቀሚሶቹ አሁንም ተመለሱ። ጋሼ «ነይ እስቲ» ብሎ መሐል ወለሉ ላይ አቆማት፤ እንደ ልማዳችን መኪናዎቹ ጸጥ አሉ። አዲሱን ሜትር ወገቧ ላይ አዞረና አነበበ። እንደገና አዞረው። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው «ይቺ መካከለኛ አይደለችም እኮ» አለ።

ቁልፍ አላስችል ብሏት «እንኳን ደስ ያለሽ! ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለች።

ሳቁ ጣራውን ነቀነቀው። ልጅቷ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እጆቿን ከጎኗ ራቅ አድርጋ፣ ሜትሩ ከወገቧ እስኪፈታላት ቆማ ጠበቀች።

በማግስቱ አዲስ አሻንጉሊት መጣች። ነጭ ናት፣ ጭንቅላት የላትም። ልጅቷ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አቆሟት። ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሥራ አላባረራትም። ወደ መጨረሻው መኪና፣ ፊት ወደ ግድግዳ ወደሚዞርበት ቦታ ብቻ አዛወራት። ከዚያ በኋላ ለእሷ ብሎ የቆመ መኪና የለም።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ገባ። ቁልፍ የእናትየዋ ጎረቤት ናት፣ ምን ይጠበቃል? እናትየዋ በር ላይ ቆማ ተቀበለቻት።

«ማነው?»

«ማን እማዬ?»

«አታሹፊብኝ! ከማን ነው ያረገዝሽው?»

«አንቺን ይንሳኝ እማዬ፣ ወንድ የሚባል አላውቅም።»

«አፍሽ እንዲህ ይላል፤ ሆድሽ ሌላ ይናገራል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከጩኸቱ በባሰ ሁኔታ፣ «ሐኪም ቤት እንሄዳለን። እውነት ሆኖ ከተገኘ ልብስሽን ሰብስበሽ ትወጪያለሽ። እኔን የአገር መሳቂያ አታደርጊኝም» አለቻት።

እስከ ሐኪም ቤቱ ቀጠሮ ድረስ እናትየዋ አኮረፈች። ሁለት ሰው ብቻ በሚኖርበት ቤት አንዱ ሲያኮርፍ ቤቱ ኦና ነው። ልጅቷ ሥራ ቦታ ግድግዳ ታያለች፣ ቤት ስትገባ የእናቷን ጀርባ ታያለች። ማታ ሳህኗ ተከድኖ ይቆያታል፤ «ብዪ» የሚላት ግን የለም። ልብሷን መሰብሰብ ጀምራ እንደነበር ነገረችኝ፤ ጥፋት ኖሮባት ሳይሆን፣ የሚያምናት እንደማይኖር ስላወቀች። የምትሄድበት ዘመድ አስባ አስባ አንድም አጣች። ይህን ስትነግረኝ አንጀቴን በላችው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ የሽንት ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ መጣ፤ እርግዝና የለም።

እናትየዋ «ይደገምልኝ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» አለች። እንደ ጋሼ እሷም ሜትሩን ጠረጠረች።

ሐኪሟ ሳትቆጣ አስደገመችላት። አሁንም የለም። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞራ «የወር አበባሽ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ መጣ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ፣ አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታት። ስለጠፋው የወር አበባ፣ ስለ ብጉሩ፣ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ጋውኑ ተናገረች። ፀጉሩ ላይ ስትደርስ አገጯን በእጇ ሸፈነች። ሐኪሟ እጇን ቀስ ብላ አውርዳ አየችላት። ደም አስወሰደቻት፤ በአልትራሳውንድም አየቻት። ውጤቱ ተሟልቶ ሲመጣ ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው።

«ስሙ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ነው» አለች። «እንቁላሉ በየወሩ በስሎ መውጣት ሲገባው በመንገድ ይቀራል፤ የወር አበባሽ የጠፋው ለዚህ ነው። የወንድ የሚባለው ሆርሞን በሴት ሁሉ ገላ ውስጥ በትንሹ አለ፤ አንቺ ጋ ግን በዛ። ብጉሩም ፀጉሩም የመጣው ከእሱ ነው። ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞንም እንደሚገባው ስለማይሠራልሽ፣ ሰውነትሽ ስብ ያከማቻል፤ በተለይ ወገብሽ ላይ።»

«ስለበላሁ አይደለም ማለት ነው?»

«ሆዳም ስለሆንሽ አይደለም። ደግሞ በረሃብ ራስሽን አትቅጪ። ምግብ ማስተካከልና እንቅስቃሴ ይረዳሻል፤ መድኃኒትም አለው፤ ክትትል ግን አታቋርጪ። ብዙ ሴቶች አለባቸው፣ አብዛኞቹ ሳያውቁት ይኖራሉ።»

ልጅቷ ትንሽ አመንትታ «ልጅስ?» አለች።

«ሊዘገይ ይችላል። ቢዘገይም ብዙዎቹ ይወልዳሉ።»

እናትየዋ ሻርፗን ሳብ አድርጋ አጠበቀችው። ሐኪሟ ወደ እሷ ዞረች፦ «በዘር የሚመጣበት ጊዜ አለ። እናቴ፣ በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሰው ነበር?»

እናትየዋ ጥያቄው ሳያልቅ «የለም» አለች።

ወደ ቤት ተመለሱ። ልጅቷ ይቅርታ ትጠይቀኛለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ከበር ሲገቡ ጠበቀች፣ ራት ሲቀርብ ጠበቀች። እናትየዋ ሳህኑን ሞልታ አቀረበችላትና «ብዪ» አለቻት። ልጅቷ አለመባረሯን አወቀች። ይቅርታው ግን አልመጣም፤ ንፁሕ ሆኖ ብቻውን የሚቀር ሰው ምን ይባላል?

ጠዋት ወረንጦዋን ከክር ቆርቆሮው አውጥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ስታመራ፣ የእናቷ መኝታ ቤት በር ገርበብ ብሎ አየች። በዚያ ሰዓት ተከፍቶ አያውቅም።

«ነይ» አለች እናቷ ከውስጥ።

መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሻርፑ አልጋው ላይ ተጥሏል። ጭኗ ላይ ትንሽ መስታወት አለ፤ በእጇ ደግሞ ዝገት የጀመረው አሮጌ ወረንጦ ይዛለች።

«ዓይኔ ደክሞ እየሳትኩት ነው። እስቲ ንቀይልኝ» አለችና አገጯን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገች።

ልጅቷ ቀረብ ብላ አየች። ገሚሱ ጥቁር ነው፣ ገሚሱ ሸብቷል። ቆዳው በዓመታት ነቀላ ጠቋቁሯል።

«እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«በአንቺ ዕድሜ።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነግሪኝ?»

እናትየዋ አገጯን አላወረደችም፤ ዓይኗን ግን ጨፈነች። «በሽታ መሆኑን መች አወቅኩና ልጄ። ከሴት ሁሉ እኔን ብቻ የመረጠኝ ይመስለኝ ነበር» አለች።

ልጅቷ የራሷን ወረንጦ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ የእናቷን ተቀበለቻት።

«ቀስ ብለሽ፣ ያማል» አለች እናቷ።