ኢሜልን እንደ ተሳፋሪ የደረደርኩት እኔ ነኝ

«አይ፣ እሱማ ውሸት ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳይጨርስ የሰው ኢሜል ይይዛል እንዴ?» ትላላችሁ። አዎ፣ እይዛለሁ። እናንተ ዲግሪ ይዛችሁ ስንት ያልተከፈተ ኢሜል አላችሁ? ቁጥሩን አትንገሩኝ፣ ታፍራላችሁ።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። ጋሽ ይልማ ፒያሳ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። እኔ ከዚያ በፊት ወደ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ የሚመላለስ ሚኒባስ ረዳት ነበርኩ፤ አራት ዓመት በር ላይ ቆሜ አንድ ሰው አልጣልኩም። የቀጠሩኝ ወረቀት እንዳቀብል ነበር። በገባሁ ቀን ግን ኮምፒውተሩን የምትይዘው ልጅ አግብታ ባሕር ዳር ሄደች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሜል የሌለው ሰው ሥራ ሲያመለክት የቤታችንን ኢሜል ነው የሚሰጠው። የወገራውም፣ የሳንጃውም። የስንቱ ሰው ዕድል አንድ ቦታ ይገባል። ስከፍተው ሁለት ሺህ ምናምን ያልተነበበ አለ። ልጅቱ ቀኑን ሙሉ ከላይ የመጣውን ስትመልስ፣ ታች ያለው እዚያው ታች ቀርቷል።

እኔ ግን ሚኒባስ አውቃለሁ። ቶሎ የሚወርድ በር ጋ ይቀመጣል፣ መጨረሻ የሚወርድ ወደ ኋላ ይገባል። ማን ቀድሞ ተሳፈረ ተብሎ አይጠየቅም። ሦስት ፎልደር ከፈትኩ፦ «ዛሬ ወራጅ»፣ «የሳምንት ወራጅ»፣ «መጨረሻ ወራጅ»። ማስታወቂያውን በሙሉ አጠፋሁት፤ እሱ ሳይከፍል የገባ ነው። አንድ ኢሜል ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው ቀኑ መቼ እንደሚያልፍበት ነው። እንግሊዝኛ ይከብደኛል፣ ቁጥር አይከብደኝም። የቀረውን ጋሽ ይልማ ያነቡልኛል።

የምከፍተውም በቀን ሦስቴ ብቻ ነው፦ ጠዋት ሁለት ተኩል፣ ሰባት ተኩል፣ አሥራ አንድ ሰዓት። በመሃል እዘጋዋለሁ።

ጋሽ ይልማ አዩኝና፣ «ምነው ዘጋኸው?» አሉ።

«የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው።»

«ኢሜል ቢመጣስ?»

«ይቀመጣል። ወንበር አለው።»

«አንተ ሰነፍ!»

«ጋሼ፣ ሰነፍ ሁለት ሺህ ኢሜል በስምንት ቀን ይጨርሳል?»

ትተውኝ ወጡ። ስላመኑኝ ነው። እሳቸው ግን ስልክ ተደውሎልኝ ነው ይላሉ።

አያ ሙሉ የሚባሉ የወገራ ገበሬ አሉ። ልጃቸው ጥሩወርቅ በነርስነት ተመርቃ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀመጠች። «ዘንድሮ ካልተቀጠረች እድራታለሁ» ብለዋል፤ ባሉም ተገኝቷል። እሷ ማመልከቻዋን በእኛ ቤት ከላከች በኋላ በር ላይ ቆማ፣ «ወንድሜ፣ እንዳታልፈኝ» አለችኝ።

አንድ ቀን ሰባት ተኩል ላይ ስከፍት የሷ መልስ ቁጭ ብሏል። የገባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ከዘጋሁ በኋላ። ነገ ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ዋናውን ማስረጃ ይዞ ያልቀረበ አይፈተንም ይላል። ብደውል ስልኳ ዝግ። የአባቷም ዝግ።

«ያው!» አሉ ጋሽ ይልማ። «ጠዋት ብታየው ኖሮ! ግማሽ ቀን በላህባት!»

እውነታቸውን ነው። እሳቸው እውነት ያገኙበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ፕሪንት አድርጌ መናኸሪያ ሮጥኩ። በእኔ ቦታ የገባው ረዳት ተስፉ ሚኒባሱን እየጫነ ነው።

«ተስፉ፣ ይቺን ለአያ ሙሉ። ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ነው፣ በግ ተራ አይጠፉም።»

«መልካቸውን አላውቀው!»

«ጩኽ። ሌላ ምን ታውቃለህ?»

ተስፉም እንደደረሰ በግ ተራ መሃል ቆሞ፣ «የጥሩወርቅ አባት! ወራጅ አለ!» እያለ ጮኸ። አያ ሙሉ ሊሸጡት የጎተቱትን በግ እየጎተቱ መጡ።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ አባትና ልጅ ገቡ። ባጃጅ ይዤ ጠበቅኳቸው። መፈተኛው ቦታ ስንደርስ ዘበኛው በሩን እየገፋ ነው።

«አልቋል» አለ።

«ሰዓትህን አሳየኝ» አልኩት። አሳየኝ። አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።

«ልዘጋ ነዋ!»

አያ ሙሉ ቀረብ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ አምስት ደቂቃዋ ያንተ ናት እንዴ? የሷ እኮ ናት» አሉት።

ከፈተላት። ተፈተነች፣ አለፈች። ያ ባል የተባለውም ሌላ አገባ። አሁን ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እኔንም መርፌ ወግታኛለች፣ እጇ ሸጋ ነው። ሲወጋ ጮኸ የሚሉት ውሸት ነው።

ከዚያ ወዲህ አራት ሰዓት ላይም እከፍታለሁ። ሦስቴ ስሕተት ነበር አላልኩም፤ ጨመርኩ እንጂ። ኢሜል በመጣበት ሰዓት አይደረደርም፣ በሚያልፍበት ሰዓት ይደረደራል። ቀኑን ሙሉ አፍጥጦ ማየት ሥራ አይደለም፣ ረስቶ መዋልም ሥራ አይደለም።

አሁንም ያላመነ ካለ ዘበኛውን ይጠይቅ። እሱ ካኮረፈ አምባ ጊዮርጊስ በግ ተራ ሂዱና፣ «ያን ቀን እዚህ የነበረ ማነው?» በሉ። የነበረውም ያልነበረውም «እኔ ነበርኩ» ይላችኋል። አንዱን ያዙና ጠይቁት።