ሦስት ወር ጠብቅ ያለችው ነርስ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ለሰው አቤቱታ ስጽፍ ያረጀሁ ነኝ፤ የሌላውን በደል አሳምሬ አስቀምጣለሁ። የራሴን ልጀምር ስል ግን ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ማን መሆኔን እወቁልኝ። ያለ አስተማሪ ሕግ የተማርኩ፣ እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት የለቀምኩ ሰው ነኝ። ዲግሪ ያላቸው ጠበቆች "ጋሽ በላቸው፣ ይቺን እስቲ ይዩልኝ" ይሉኛል። ይህ ውሸት አይደለም። በኮንዶሚኒየማችንም የሐኪም ወረቀት የሚተረጎመው እኔ ቤት ነበር።

የጎረቤቴ ልጅ ታምራት የታክሲ ሹፌር ነው። ሰናይትን እንዲያገባ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። "ስለ ልጁ በእኔ ይሁንባችሁ" ያልኩት እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ከተክሊል በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ጠይቃቸው ሁለቱም ነጻ ተባሉ። በማግስቱ ታምራት ብቻውን መጣ።

"ጋሼ፣ ነርሷ ከሦስት ወር በኋላ ድገም አለችኝ።"

"ለምን?"

አንገቱን ደፋ። "በቅርቡ ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ኮንዶም ተኝቼ ነበር። ለነርሷ እውነቱን ነገርኳት። ሰርጉን አራዝም ትለኛለች፤ ድንኳን ተከራይተናል እኮ።"

"ኔጌቲቭ ማለት የለም ማለት ነው" አልኩት። "የሌለ ነገር በሦስት ወር ከየት ይመጣል? ይቺ ነርስ ማስተማር እንጂ መማር አልወደደችም።"

ሳቀ። እፎይ ብሎ ሄደ።

ባለማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። ነገሩ ከንክኖኝ የጤና መጽሐፍ ገዝቼ አነበብኩ። ቫይረሱ የሚገባው የሰውነትን መከላከያ በሚያዙት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ነው። እዚያው ራሱን ያባዛል፣ ሴሉን ይገድላል፣ ወደ ሌላው ያልፋል። እነ ታምራት የተመረመሩት ምርመራ ግን ቫይረሱን አያይም፤ የሚፈልገው ሰውነት በቫይረሱ ላይ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ እስኪታይ ሳምንታት ያልፋሉ። በእነዚያ ሳምንታት ሰውየው ነጻ ይባላል፤ በደሙ ውስጥ ግን ቫይረሱ ሞልቷል፣ ከሌላ ጊዜ የበለጠ ያስተላልፋል።

ነርሷ ልክ ነበረች። ሰርጉ ገና አልደረሰም። እኔ አወቅኩ።

ደረጃውን ወረድኩ። በታምራት እናት ቤት ሴቶች ለሰርጉ ሽንኩርት ይከትፋሉ። "አዋቂው መጡ፣ ወንበር ልቀቁ" ተባለ። ተሳስቻለሁ ለማለት አፌን ከፈትኩ። አክስቱ ቀና ብላ፣ "ጋሼ፣ ዕንባዎ የደስታ ነው የሽንኩርት?" አለችኝ።

"የሽንኩርት ነው" አልኩ። ጠላ ቀመስኩ። ተመለስኩ። ምን ነበር ያፈርኩት? አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷን መናገር ከሰው ሕይወት በለጠብኝ?

ሰናይት ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ቫይረሱ ተገኘባት። ታምራትም ተመረመረ፤ እሱም አለበት። ሁለቱም ከሰርጉ በፊት ነጻ ስለተባሉ፣ ከሰርጉ በኋላ ማን አመጣው ተባለ። ታምራት ቃሌን አምኖ፣ እሱ ነጻ ከነበረ ያመጣችው እሷ ናት አለ። ቤተሰቡም እንዲሁ። እሷ በማርያም እየማለች አለቀሰች።

አስታራቂ ሆኖ መሐል የተቀመጠው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ግን ለትዳሯ ስትል ይቅርታ እንድትጠይቅ መከርኳት። እግሩ ላይ አስወደቅኋት። ያላደረገችውን "ይቅር በለኝ" አሰኘኋት። ሽማግሌዎቹም አፈ ቅዱስ አሉኝ። ያን ቀን፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ።

ሁለቱም መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ ጤነኞች ናቸው። ልጃቸው ነጻ ሆና ተወልዳ ትምህርት ቤት ገብታለች። ግን ከእኔ ቀጥሎ ባለው ቤታቸው ታምራት ሲቆጣ "አንቺ ያመጣሽው" ሲላት በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።  እሷ ደግሞ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ዘንቢሌን ተቀብላ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ቤቴ ፈርሶ ነበር" ትለኛለች።

አላነበብኩም ነበር እንዳልል አንብቤያለሁ። ጊዜ አልነበረም እንዳልል ነበረ። እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ይጠቅማታል? ስለዚህ አልለምናችሁም።

አሁን ታምራት ከሥራ ገብቷል፤ ድምፁ ይሰማኛል። ሰናይትም አለች። ሁለቱ ባሉበት በሩን አንኳኩቼ፣ ወንበር ሲያቀርቡልኝ ሳልቀመጥ፣ እሷን ያስወደቅኋት ቦታ ላይ እግሯ ሥር እወድቃለሁ።