ድምፅ የሚባለው ፎልደር

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን አዲስ የገባች አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ ይሄ ድራይቨር የት ፎልደር ውስጥ ይግባ?» ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ «ጋሼ» ያለችው አናደደኝ። የሸበተ ራሴን ዳበስኩና ተውኩት፤ እሷ ምን ታድርግ! ጥያቄዋ ግን ይዞኝ ጭልጥ አለ፣ ወደ የካ ሚካኤል፣ ጭቃው ጫማ ወደሚያስወልቅበት አንድ ክረምት።

ያኔ እኔና ጓደኛዬ አቤል ከኮሌጅ ገና መውጣታችን ነበር። የምንለፋው አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አማርኛ እንዲያነብ ለማድረግ ነው፤ ለታናሽ እህቴ ለሂሩት። ሂሩት ዓይኗን ያጣችው በልጅነቷ፣ ፊደል ከቆጠረች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከዚያ ክረምት ድረስ ያነበበችው ሁሉ በእኔ አፍ ያለፈ ነበር። ሲሰለቸኝ ገጽ እዘላለሁ፤ ታውቅብኛለች። «አንተ ስታዛጋ እኮ ታሪኩም ያዛጋል» ትለኝ ነበር።

ኮተቤ መምህርነት ልትማር ተመድባለች። ምዝገባው ሰኞ ነው። እሷ ግን ቁርጡን ነገረችኝ፦ «ኮምፒውተሩ ካላነበበልኝ አልመዘገብም። አንብቡልኝ እያልኩ ሰው ደጅ ስጠና አልኖርም።» ሂሩት እንቢ ካለች እንቢ ነው። እናታችን ለምና ለምና ተወቻት።

አማርኛ የሚያነብ ፕሮግራም አግኝተናል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል እንጂ ያነባል። ችግሩ ማሽኑ አቅም የለውም። ስለዚህ ከርነሉን፣ የሲስተሙን እምብርት ማለቴ ነው፣ ማቅለል ነበረብን። ኮምፒውተር ከእያንዳንዱ አካሉ ጋር የሚግባባው ድራይቨር በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። የማያስፈልጉንን አውጥተን የቀሩትን በየፎልደሩ ማደራጀት ያዝን። የወጣት ነገር፣ ፎልደሮቹን በአማርኛ ካልሰየምን ሞተን እንገኛለን አልን! ቁልፍ፣ ማከማቻ፣ ድምፅ እያልን። አቤል ኮተቤ ቤቱ፣ እኔ የካ ሚካኤል ሆነን ተካፍለን ሠራን፤ የእሱን በፍላሽ አምጥቶልኝ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉን አገጣጥሜ ማሽኑን ባስነሳው፣ ጭጭ! ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ሂሩት አጠገቤ ተቀምጣ ትኩስ የበቆሎ ጥብስ ትፈለፍላለች። ለአቤል ደወልኩ።

«የድምፅ ካርዱን ድራይቨር የት አደረግከው?»

«ድምፅ ውስጥ ነዋ!»

«ድምፅ ውስጥ የለም።»

«አለ!»

«የለም እያልኩህ! አሁን ከፍቼ እያየሁት ነው።»

«ኧረ ባክህ! በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት!»

እኔ ዝርክርክ አልኩት፣ እሱ ደንባራ አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት፤ መልሶ ደወለ፣ እንደገና «አለ»፣ «የለም»። ስንት ዓመት አብረን ቆሎ የቆረጠምን ሰዎች በአንድ ፎልደር ልንቆራረጥ ነው። ይህኔ ሂሩት በቆሎዋን አስቀመጠች።

«ቆይ እስቲ እናንተ ሰዎች። በየትኛው ጸ ነው የጻፋችሁት? በጸሎቱ ነው በፀሐዩ?»

አቤልም በስልኩ ውስጥ ሰማት።

«እኔ… በጸሎቱ» አለ ቀስ ብሎ።

እኔ በፀሐዩ! ወይ ጉድ! ለጆሮ አንድ ቃል፣ ለማሽን ግን ሁለት ፎልደር። እኔ ሁልጊዜ ስሙን ጽፌ ነው የምከፍተው፤ ከርነሉም የሚሄደው እኔ በጻፍኩለት ስም ነው። የፎልደሮቹን ዝርዝር ባወጣው «ድምጽ» እና «ድምፅ» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሂሩት ሳቀች፤ «ሁለታችሁም ውሸታም አይደላችሁም፣ ሁለታችሁም መሃይም ናችሁ» አለችን።

ፋይሎቹን ወደ አንዱ አዛውሬ እንደገና እስካገጣጥም አቤል ከኮተቤ በታክሲ ደረሰ፤ በስብሶ፣ ጃኬቱ ውስጥ አምባሻ ደብቆ። ማሽኑ ተነሳ። ጉንፋናም ድምፁ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበ። አቤል ጮኸ፣ እኔ እንባዬ መጣ። ሂሩት ግን የጆሮ ማዳመጫውን በዳሰሳ ፈልጋ ሰካችና ድምፁ ከእኛ ጠፋ።

«ምን እያለ ነው?» አልኳት።

«ውጡልኝ!»

በረንዳው ላይ ቆመን አምባሻችንን በላን። ውስጤ ትንሽ ቅር እንዳለው አልደብቅም፤ ለካ ከልጅነቷ ወዲህ አንድም ነገር ለብቻዋ አንብባ አታውቅም ነበር። ሰኞ ከሁላችንም ቀድማ ተነስታ ለምዝገባው ቀሰቀሰችን።

ለወጣቷ ባልደረባዬ «መጀመሪያ የፎልደሩን ስም እንዴት እንደምትጽፊው አሳዪኝ» አልኳት፤ ግራ ገባት። ሂሩት ዛሬ የአማርኛ መምህርት ናት። እሑድ እሑድ ቤቷ ስሄድ ስልኳ በጆሮዋ ያነብላታል፣ እኔ ልከተለው በማልችለው ፍጥነት፤ እሷ ለብቻዋ ትስቃለች።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቅሽ?» እላታለሁ።

«አያገባህም!»

እውነቷን ነው፣ አያገባኝም። ሰው እንዲህ ተብሎ ደስ ይለዋል? እኔን ደስ ይለኛል። አንዳንዴማ የምታነበው እኔው የላክኩላትን መሆኑን እያወቅኩ፣ ያን ቃል ከአፏ ለመስማት ብቻ እጠይቃታለሁ።