ለእንግዳ የተነጠፈ አልጋ

የረጠበ ምንጣፍ ሽታ ዛሬም ያናድደኛል። ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ሕንፃ ኮሪደር ላይ ቧንቧ አንጠባጥቦ ምንጣፉ ርሶ ነበር። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይዘው አለፉ፤ እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ክሬሰንት ታውን የሚባለው የስደት ሰፈራችን፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኜ በእናቴ ንዴት ፀጉሬን ልነጭ የደረስኩበት የበረዶ ክረምት ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ስልክ እየተከፈተ የሚታጠፍበት ዘመን ነው። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውለን ስንመለስ ከላያችን ያለው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው በጣሪያችን ሲወርድ ውሏል። ፍራሹም ሶፋውም ውሃ ጠጥተው አብጠው ጠበቁን። ሳምንት ሳይሞላቸው ሻገቱ፤ አውጥተን ጣልናቸው፤ ወለሉ ላይ የተለጠፈው ምንጣፍ ግን እንደረጠበ ቀረ። ኢንሹራንስ የሚባል ነገር አልነበረንም። አባቴ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ወገቡን ተጎድቶ ከሥራ ከቀረ ወራት አልፈውታል፤ የእናቴ የጽዳት ሥራ ደግሞ ከቤት ኪራይ አያልፍም። እናም ያ ወገቡ የተጎዳ ሰውዬ ብርድ ልብስ አጥፎ መሬት ላይ መተኛት ጀመረ። ጠዋት ሲነሳ ጥርሱን ነክሶ የሚያፍነውን ድምፅ በግድግዳው በኩል እሰማው ነበር። አልጋ ያስፈልገው ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለግንም።

የከተማው አስተዳደር እንዲህ ላለው ድንገተኛ ችግር እርዳታ እንደሚሰጥ የነገረችኝ የትምህርት ቤታችን አማካሪ ናት። ደወልኩ። ያ የማያልቅ የስልክ ሙዚቃ ጨጓራዬን ከላጠው በኋላ አንዲት ሴት አነሳች፤ ሠራተኛ መጥታ ቤቱን አይታ እንደምትወስን ነገረችኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ለእናቴ አበሰርኳት።

«ሰው ሊመጣ ነው? እዚህ ቤት?» አለች ፊቷ ልውጥ ብሎ።

«እማዬ፣ ችግራችንን ልታይ እኮ ነው የምትመጣው!»

«የሰው ፊት እሳት ነው ልጄ። አንቺ ገና አታውቂውም።»

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው።

በቀጠሮው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ከፍቼ የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። የሻጋታው ሽታ ጠፍቶ የሎሚ ሽታ ያለው ነገር ተረጭቶበታል። ሳሎኑ መሃል ቡናማ የቆዳ ሶፋ ተንሰራፍቷል፤ ጠረጴዛው ዳንቴል ለብሷል፤ ዳንቴሉ ላይ ሳምቡሳ ተቆልሏል። መኝታ ቤት ብቅ ብል ሰፊ አልጋ፣ ከነአበባ አንሶላው። ሁሉም ከኮሪደሩ ማዶ የምትኖረው የቤተ ክርስቲያናችን እህት ዕቃ ነው። ከእናቴ ጋር ተጋግዘው ሲጎትቱት አርፍደዋል። ጎረቤታችን ላቧን እየጠረገች «እንግዳ ሲመጣ ቤት ባዶ አይሆንም፤ ጌታ ያውቃል» አለችኝ። አባቴ ደግሞ የሰርጉን ሱፍ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ በሕመም ያልበዋል።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? አልጋ የለንም ብዬ እኮ ነው የጠራኋት!»

«የለንም በያት። እኔ መች ከለከልኩሽ? ገበናዬን አራግፌ ግን አላሳይም።»

እንግዲህ ፍረዱኝ።

ሠራተኛዋ መጣች፤ ረጅም፣ ጫማዋ ላይ በረዶ የሚቀልጥ፣ ፈገግታዋ የደከመው ሴት። እናቴ ጫማሽን አታውልቂ ብላ ተለማመጠቻት፣ ሳምቡሳ አጎረሰቻት። በሕይወቷ ለቁጥጥር ሄዳ የጎረሰችው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። እኔ ላስተረጉም መሃል ተቀምጬ እርር ድብን እላለሁ። በመጨረሻ ሴትየዋ ወደ አባቴ ዞራ ወገቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አባቴ ቀና ለማለት እየታገለ። «በጣም ደህና ነኝ በያት። እሷስ ደህና ናት? ልጆቿስ?»

«አባዬ፣ ፕሊስ!»

«ምን አጠፋሁ? ሰው ሲጠይቅሽ ይመስገን አይባልም?»

ሴትየዋ መኝታ ቤቱን አየች፣ አልጋውን አየች፣ በር ላይ ስትደርስ በትህትና ነገረችኝ፤ ቤታችሁ ያምራል፣ ከናንተ የባሰባቸው ቤተሰቦች አሉ። ከኋላዬ እናቴ እጅ እየነሳች ታመሰግናታለች። ተከትያት ሊፍቱ ጋ ሄድኩ። ሶፋው የኛ አይደለም፣ አልጋው የኛ አይደለም፣ አባቴ ደህና አይደለም አልኳት። ታዲያ ለምን እንዲህ አደረጋችሁ አለችኝ። እንግዳ ስለሆንሽ ነዋ! ሌላ ምን ልበላት? ሊፍቱ ሲመጣ፣ ቀጠሮ ሳትይዝ ድንገት ተመልሳ እንደምትመጣ ነገረችኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ዕቃው ሁሉ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ያ የረጠበ ሽታም ተመለሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እናቴ ጎረቤታችን መስላት በሌሊት ልብሷ ከፈተች። ሴትየዋን ስታይ ሻሿን በፊቷ ላይ ጎተተችው። ቤቱ ውስጥ ባዶ ወለልና በመስኮት የገባ ነጭ የበረዶ ብርሃን ብቻ ነበር፤ ጥግ ላይ ደግሞ አባቴ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ።

«ኖር!» አለና ሊነሳ ሞከረ።

አንድ ጉልበቱ ላይ ደረሰ። ግድግዳውን ይዞ እዚያው ቀረ፤ መነሳትም መተኛትም አልቻለም። ሴትየዋ አትነሳ በይው አለችኝ።

«አባዬ፣ አትነሳ ትላለች።»

«ተኝቼ እንግዳ ልቀበል? አይሆንም።»

ያኔ ያቺ ሴት ኮቷን ሳታወልቅ እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ እንዳይነሳላት። አባቴም ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ከንዴቱ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

አልጋው መጣ። ከነላስቲኩ፣ አዲስ ፍራሽ የሚሸተው። በዚያው እሁድ ፓስተሩ ከአገር ቤት አዲስ የመጡ አንድ አዛውንት ማረፊያ እንዳጡ ተናግሮ ማን ይቀበላቸዋል ብሎ ጠየቀ። ከምእመኑ ሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው ማን ትመስላችኋለች? እናቴ! አባቴን አልጋህን አትልቀቅ ብዬ ለምኜው ነበር። «እንግዳ መሬት ላይ ተኝቶ እኔ አልጋ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል?» አለኝ። ሽማግሌው አልጋችን ላይ ሲያንኮራፉ፣ አባቴ ያንኑ ብርድ ልብስ አጥፎ ጥጉ ላይ ሲጋደም፣ እኔ በንዴት ትራስ ስነክስ ሳምንታት አለፉ። ሰውዬው ቤት አግኝተው ሲወጡ አባቴ በአልጋው ተኛ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ተኛበት።

ባለፈው ሳምንት ያ ኮሪደር ከሸተተኝ በኋላ ከሥራ በቀጥታ ወደ እናቴ ሄድኩ። አሁን ብቻዋን ናት፣ እዚያው አሥራ አንደኛ ፎቅ። በረዶው ስለበረታ እዚያው ላድር ሆነ። ፊቴን ታጥቤ ስወጣ በዚያው በአባቴ አልጋ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፏል፤ ለራሷ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አጥፋለች።

«እማዬ! በዚህ ዕድሜሽ? አልጋሽ ላይ ውጪ!» ጮህኩባት፣ እንደ ድሮዬ።

ትራሱን እየመታች «አይሆንም» አለች። «እንግዳ እያለ?»

  ገብቼ ተኛሁ፤ አባቴ ባጎደጎደው በኩል።