እስከ ዓርብ

ልጄን የፈራኋት ባለፈው ሳምንት ነው። አቡ ዳቢ፣ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ ካለው ቤታችን አልጋዋን ሳነጥፍ፣ ትራሷ ሥር አንድ የሥዕል መጽሐፍ አገኘሁ። የጃፓኖች ነው፣ ማንጋ ይሉታል። እንደ ዓረብኛ ከቀኝ ነው የሚገለጠው። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ እንግሊዝኛውም አይገባኝም፤ ሥዕሉን ግን አነበብኩት። ቤተሰቡ ያለቀበት ልጅ ከአንድ ቀንዳም ጋኔን ጋር ይዋዋላል። ጠላቶቹን አንድ በአንድ ሲበቀል፣ ክንዱ ከጣቱ ጀምሮ እየጠቆረ ይሄዳል። መጨረሻው አካባቢ አንዲት ሴት እግሩ ላይ ወድቃ ትለምነዋለች።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ «ይቺ ምን አድርጋው ነው?» አልኳት።

«ዋሸችው፣ ማሚ። ሺ ዲዘርቭስ ኢት። ይገባታል!»

ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። «ይገባታል» ስትል ግን ድምፁ የኔ ነበር። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ቃል ስል አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አል ዓይን፣ አል ቶዋያ ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ከአስካለ ጋር ተቀጥረን እንሠራ ነበር። እሷ ወጥ ቤት፣ እኔ ጽዳት። ታላቄ ናት፣ ምላሷ ጅራፍ ነው። «አንቺ ልጅ፣ መጥረጊያውን ይዘሽው ነው ወይስ ይዞሽ?» ትለኛለች። ዓሣ ስትጠብስ የሆዱን ሥጋ ደብቃ የምታስቀምጥልኝም እሷው ነበረች። ይህን ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ቴምር የሚበስልበት ወቅት ነበር። ግቢው ሁሉ ማር ማር ይላል፣ ዝንቡ አያድርስ ነው። አስካለ ልብስ ልታሰጣ ሰገነት ላይ ወጥታ ሳለ ስልኳ ጠራ። እኔ ስልክ ስላልነበረኝ ቤተሰቤ በሷ ነበር የሚደውልልኝ፤ አነሳሁት። ወንድሜ ነው፣ ከወልዲያ።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ» አለኝ።

«ለምኑ?»

«አስካለ አልነገረችሽም እንዴ? እማዬን ከቀበርናት ሃያ ቀን አለፈ እኮ።»

ሃያ ቀን! እኔ ሃያ ቀን ሙሉ ስስቅ፣ የእንግዳ ሳህን ሳጥብ፣ እሷ እያወቀች አጠገቤ ተቀምጣ ትበላለች። አሠሪያችን ማዳም እንግዶች ነበሩባት፤ አስካለ ሥራ እንዳይጎድል ብላ ነው የደበቀችኝ አልኩ። አልጠየቅኳትም። አንዲት ቃል ብጠይቃት ያበቃ ነበር። አለመጠየቁ ራሱ ጣፈጠኝ።

ማዳምን ራስ ምታት ይዟት ሰንብቷል። ሲሕር ተደርጎብኛል ትላለች፣ መተት ማለቷ ነው። በዚያ ቤት ከሌባ ይልቅ የሚፈራው እሱ ነው። ከማበጠሪያዋ ፀጉር ለቀምኩ። በቀይ ክር ሰባት ቦታ ቋጠርኩትና አስካለ ፍራሽ ሥር ወሸቅኩት። ስቋጥር አንጎራጉር ነበር። በማግስቱ ሐሙስ፣ «ማዳም፣ ፍራሾቹን ፀሐይ ላይ ላውጣቸው? እስቲ ነይ እያቸው» አልኳት።

ፍራሹ ሲነሣ ማዳም ጮኸች። አስካለ እጇ ሊጥ እንደያዘ ሮጣ መጣች። ቋጠሮውን አየች፣ ክሩን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። ክሩን ለስፌት የሰጠችኝ ራሷ ናት። አሁን ስሜን ትጠራለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ማዳም እግር ላይ ወደቀች።

«እስከ ዓርብ ብቻ ታገሺኝ፣ ማዳም! ዓርብ አንድ ጉዳይ አለብኝ። ከዚያ ያሻሽን አድርጊኝ።»

የማዳም ፊት ዐመድ መሰለ። «ዓርብ? ዓርብ ነው የምትጨርሺኝ?» ብላ የአስካለን አፍ በነጠላ ጫማዋ መታችው። «ኸላስ! አበቃ!» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ።

መኪና መጥቶ አስካለን ወሰዳት። ከንፈሯ እየደማ ስትወጣ በልቤ «ይገባታል» አልኩ።

ዓርብ ማለዳ የጓሮው በር ተንኳኳ። ከየጎረቤቱ የመጡ ሦስት ያገሬ ሴቶች ናቸው፣ ጥቁር ለብሰዋል።

«አስካለስ?» አለች የፊተኛዋ። የለችም ስላት እጄን ያዘችኝ። «እንግዲህ ልጄ፣ ብቻሽን እንዳትሰሚው ብላ ነው። ሦስታችንም ፈቃድ እስክናገኝ ማዳሞቻችንን ስትለምን ከረመች። እናትሽ...»

መርዶ ነበር። እንደ አገራችን ወግ በማለዳ፣ የሚያለቅስልኝ ሰው ሰብስባ። ለዓርብ አለብኝ ያለችው ጉዳይ እኔ ነበርኩ።

መሬት ላይ ወድቄ ጮኽኩ። ሴቶቹ ለእናቴ መሰላቸው።

ያኔም መናገር እችል ነበር። ማዳም እቤት ነበረች፣ በሩም ክፍት ነበር። አልተናገርኩም። አስካለ ወደ አገሯ ተላከች ያሉ አሉ፣ ታስራለች ያሉም አሉ፤ አላጣራሁም። ማዳም ታማኝ ናት ብላ ወደደችኝ፤ ኮንትራቴ ሲያልቅ በራሷ መኪና ወደ አቡ ዳቢ ላከችኝ። ግራና ቀኙ ዛፍ በሆነው በዚያ ረጅም መንገድ፣ አንድ ካርቶን ቴምር ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በደህና ወጣሁ። ማንም አልነካኝም።

መጽሐፉ ላይ ያለው ልጅ ዕድለኛ ነው። እጁ ይጠቁርበታል፣ ሰው አይቶ ይሸሸዋል። የኔ እጅ ሊጥ ሲያቦካ፣ ልጄን ሲያጥብ፣ ፀጉሯን ሲጎነጉን ኖረ፤ ምንም ምልክት የለበትም።

ልጄ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደች። «ማሚ፣ እያለቀስሽ ነው? አንቺንም የበደለሽ ሰው አለ?»

«የለም» አልኳት። «እኔ ደህና ነኝ።»